የተቆረጠው ሲመለስ

«ስታር ዋርስ፦ ናይትስ ኦቭ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ 2» የተባለው ጌም ሊያልቅ ሲል ይፈርሳል። ተጫዋቹ ከዓለም ዓለም አብረውት የተንከራተቱ ባልደረቦቹን ይዞ ማላኮር ወደምትባል የተሰነጣጠቀች ፕላኔት ይወርዳል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ባልደረቦቹ ከታሪኩ ይጠፋሉ። ይሙቱ፣ ያምልጡ፣ የሚናገር የለም። አንዲት ትንሽ በራሪ ሮቦት ከጠላቷ ጋር ትፋጠጣለች፤ ትዕይንቱ እዚያው ይቆረጥና ማን እንዳሸነፈ ሳይታወቅ ይቀራል። መጽሐፍ ቢሆን የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የተገነጠሉበት ይመስላል።

ቅጠሎቹ ግን ሩቅ አልሄዱም። ጌሙ በ2004 መጨረሻ ገበያ ላይ እንደዋለ (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የውስጥ ፋይሎቹን ያገላበጡ ተጫዋቾች ተዋንያን የተናገሩት የተቀዳ ድምፅ፣ ተጽፎ የቀረ ንግግር፣ በከፊል የተገነቡ ቦታዎች አገኙ። ሁሉም ዲስኩ ላይ ነበር፤ ወደ እነሱ የሚወስድ በር ብቻ ጠፍቷል። ምክንያቱም ስውር አልነበረም። ሠሪው ኦብሲዲያን ገና የተቋቋመ ስቱዲዮ ነው፤ ይህ የበኩር ሥራው ነው፤ አሳታሚው ሉካስአርትስ ደግሞ ጌሙን ለገና ገበያ ፈለገው። ከአንድ ዓመት ብዙም ባልራቀ ጊዜ ውስጥ የተሠራ ትልቅ ታሪክ ጫፉ ተቆርጦ ወጣ።

መጥፎ ጌም ቢሆን ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ይህ ግን የሚረሳ አልሆነም። ናር ሻዳ በተባለችው የስደተኞች ከተማ አንድ ለማኝ ተጫዋቹን ገንዘብ ይጠይቀዋል። ቢሰጠው፣ ምጽዋቱን ያየ ሌላ ችግረኛ ለማኙን ደብድቦ ይቀማዋል። ቢከለክለው፣ ለማኙ ተስፋ ቆርጦ በሌላ ሰው ላይ ይነሳል። አብራ የምትጓዘው አሮጊቷ ክሬያ በሁለቱም ምርጫ ተጫዋቹን ትወቅሰዋለች። ደግ መሆን ነጥብ በሚያስገኝበት ዘርፍ ውስጥ ደግነትን ራሱን የሚመረምር ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ክርክር የከፈተ ድርሰት መደምደሚያውን ሳይናገር ሲቀር የሚቆጨው ለዚህ ነው።

ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ተላብሶ፣ በምርጫው ታሪኩን እየመራ የሚሄድባቸው እነዚህ ጌሞች በተለምዶ አርፒጂ ይባላሉ። ሞድ ደግሞ ከሠሪው ኩባንያ ውጪ ያለ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ፣ በጌሙ ላይ የሚያደርገው ለውጥ ነው። ስለ ሞድ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በትዝታ የተሞላ ነው፤ ልጅነትን በአዲስ ቀለም መቀባት ተደርጎ ይታያል። ጉዳዩን ከዚያ ይልቅ ከጽሑፍ ምርመራ ወገን ማየት ብዙ ይገልጣል። በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ላይ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጸሐፊው መስመር ዘሎ ሲያልፍ፣ በኋላ የመጣ እጅ የተዘለለውን በኅዳጉ ወይም በመስመሮቹ መካከል ይጽፋል፤ ቦታውንም በምልክት ያሳያል። አንባቢው የመጀመሪያውን እጅና የእርማቱን እጅ ለይቶ ያያል። የአንድምታ መምህርም ንባቡን እንዳለ አቁሞ ትርጉሙን «አንድም» እያለ ይደረድራል እንጂ ንባቡን አይነካም። ሞድ ሠሪው ከሁለቱ ለፊተኛው ይቀርባል፤ ሆኖም አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የእሱ እርማት ኅዳግ ላይ አይቀመጥም። ከንባቡ ጋር ተዋሕዶ፣ ስፌቱ ሳይታይ፣ ተጫዋቹ ፊት ይቀርባል።

ስፌቱ የማይታይ መሆኑ ነው ዋናውን ጥያቄ የሚያስነሳው፤ ከተቆረጠው ውስጥ መመለስ ያለበት የትኛው ነው?

ቲም ጊዝካ የተባለ ቡድን በኦብሲዲያን ጌም ላይ ለዓመታት ደክሞ ሥራውን ሳይፈጽም ቀረ። ሌሎች ተነስተው ዛሬ ተጫዋቾች በአጭሩ «ሪስቶርድ ኮንቴንት ሞድ» የሚሉትን ሥራ አደረሱ። ኤችኬ-47 የተባለው፣ ሰው መግደልን እንደ ጨዋ ሙያ የሚቆጥረው ተሳዳቢ ሮቦት፣ ተጫዋቹን እያሳደዱ መከራ የሚያሳዩት አዳዲስ አምሳያዎቹ የሚመረቱበትን ፋብሪካ ሄዶ እንዲያጠቃ ታስቦ ነበር፤ በወጣው ጌም ውስጥ ወሬው ብቻ ቀርቶ ፋብሪካው የለም። ሞዱ ፋብሪካውን መልሶታል። የማላኮርን የተበጣጠሱ ትዕይንቶችም ገጣጥሟቸዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን እነዚህ ሰዎች ያላስገቡት ነገር ነው። ኤም4-78 የምትባል፣ ሮቦቶች ብቻ የሚኖሩባት ሙሉ ፕላኔት ከጌሙ ተቆርጣ ነበር። ቡድኑ እሷንም ሠርቶ አውጥቷታል፤ ነገር ግን ለብቻዋ፣ የፈለገ እንዲጨምራት ነው እንጂ ከዋናው ሞድ ጋር አልቀላቀላትም። የተጫወቷት ብዙዎች መመላለስ የበዛባትና የምታሰለች ሆና አግኝተዋታል። የጊዜ እጥረት የሚቆርጠው መልካሙን ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ደካማውንም ይቆርጣል፣ ያኔ ችኮላው አርታኢ ሆኖ ሠርቷል ማለት ነው። የተገኘ ቁርጥራጭ ሁሉ የጠፋ ዕንቁ የሚመስላቸው ሞድ ሠሪዎች ብዙ ናቸው። ይህን ፈተና ማለፍ ከኮዱ ሥራ ይልቅ የሚከብድ ይመስላል።

በዚህ ረገድ «ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ ብለድላይንስ» የተለየ ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያውን «ፎልአውት» ከሠሩት መካከል ሦስቱ ያቋቋሙት ትሮይካ የተባለ ትንሽ ስቱዲዮ የሠራው ይህ ጌም ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ሶርስ ኢንጂን (ጌሙ የሚሠራበትን የሶፍትዌር መሠረት) ይጠቀም ስለነበር፣ ከቫልቭ «ሃፍ ላይፍ 2» በፊት እንዳይወጣ በውል ታስሮ ነበር። የወጣውም በዚያው ቀን፣ ኅዳር 16 ቀን 2004 ነው። ከጥሩ አትሌት ጋር መሮጥ አንድ ነገር ነው፤ ያው አትሌት ያዋሰውን ጫማ አድርጎ ከእሱ ጋር በአንድ መስመር መነሳት ሌላ ነው። ጌሙ በስህተት የተሞላ ነበር፤ ሽያጩም አልተሳካም፤ ትሮይካ ከወራት በኋላ በ2005 መጀመሪያ ተዘጋ።

ባለቤት ያጣውን ጌም አንድ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ከሌላ ሰው ተቀብሎ ማስተካከል ጀመረ፤ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ የሚያርመው ስህተት ብቻ ነበር። እየቆየ በፋይሎቹ ውስጥ ያገኛቸውን ተልዕኮዎች፣ ገጸ ባሕርያትና መሣሪያዎች መመለስ ያዘ፤ መመለስም ወደ መለወጥ አደገ። ተቃውሞ ተነሳ። አንዳንዶች ሰውዬው የትሮይካን ጌም የራሱ አድርጎታል ብለው፣ ንጹሕ እርማት ብቻ ያለበትን የራሳቸውን ማስተካከያ አወጡ። እሱ ግን ሥራውን ሁለት አድርጎ ማውጣቱን ቀጥሏል፤ አንዱ «ቤዚክ»፣ ሌላው «ፕላስ»። ተጫዋቹ ሲጭን ይመርጣል። የኅዳጉ ምልክት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ይቻላል፦ የትኛው የመጀመሪያው እጅ፣ የትኛው የኋለኛው እንደሆነ ቢያንስ በር ላይ ይነገራል። ዛሬ ጎግ የተባለው የጌም መደብር ይህን ጌም የሚሸጠው የዚህን ሰው ማስተካከያ ጨምሮ ነው። የሕትመት ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የግለሰብ እርማት መደበኛ እትም ሆኗል።

«የደራሲው ሐሳብ» የሚባለው ነገር ራሱ ምን ያህል ተንሸራታች እንደሆነ ደግሞ የዴቪድ ጌደር ጉዳይ ያሳያል። ጌደር በባዮዌር ስቱዲዮ ጸሐፊ ሆኖ በ2001 በወጣው የ«ባልደርስ ጌት 2» ማስፋፊያ ላይ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ «አሴንሽን» የተባለ ሞድ በራሱ ጊዜ ሠርቶ አወጣ፤ የመጨረሻው ፍልሚያ እሱ እንደተመኘው የረዘመ፣ የከበደና ብዙ ገጸ ባሕርያት የሚሳተፉበት ሆነ። ታዲያ የትኛው ነው ትክክለኛው ንባብ? ደራሲው ደሞዝ እየተከፈለው ያወጣው ወይስ ማታ ማታ ያለ ክፍያ ያረመው? ጌም የብዙ ሰው ድካም ነው፤ አንዱ ጸሐፊ የልቡን ስላደረሰ ብቻ የሌሎቹ ውሳኔ አይሻርም። ኩባንያው ያሳተመው ደግሞ በሕግ የጸና ነው እንጂ የተሻለ ነው የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ሕጉ ሲነሳ የኩባንያዎቹ ጠባይ አንድ ወጥ አይደለም። በጃፓኑ «ክሮኖ ትሪገር» ላይ ተመሥርቶ ዓመታት የፈጀው «ክሪምሰን ኤኮስ» የተባለ የአድናቂዎች ሥራ በ2009 ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት ከጌሙ ባለቤት ከስኩዌር ኤኒክስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶት ቆመ። በሌላው ጫፍ የኦብሲዲያን ጌም አለ። በ2015 አስፓይር የተባለ ኩባንያ የቆየውን ጌም ለዘመኑ ኮምፒውተር ሲያድስ ሞዶች ስቲም በተባለው የጌም መደብር በኩል በቀላሉ እንዲጫኑ አደረገ። በ2022 ደግሞ ጌሙን ኒንቴንዶ ስዊች ወደተባለው የጌም መጫወቻ አምጥቶ የተመለሰውን ይዘት በኋላ በነፃ እጨምራለሁ አለ። ሲወጣ ጌሙ እስከ መጨረሻው እንዳይደረስ የሚያደርግ ስህተት ነበረበት፤ ባለመጠናቀቁ የታወቀ ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይጠናቀቅ ወጣ። ይህ ስህተት በኋላ ታረመ። የተባለው ይዘት ግን በ2023 ተሰረዘ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ያለ ክፍያ የሠሩት ሰዎች ካደረሱት በኋላ፣ የንግድ ድርጅት ተቀብሎ ማድረስ አቃተው። ጥፋቱ የአቅም ላይሆን ይችላል፤ አንድን ነገር መስጠት መሸጥ ከሚያስከትለው ኃላፊነት ነፃ ነውና። ለገዛው ሰው ግን ልዩነቱ አይታየውም።

ሞድ ሁሉ የጎደለ መሙላት አይደለም። ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ በ2002 «ሞሮዊንድ»ን ሲያወጣ ጌሙ የተሠራበትን መሣሪያ ራሱን በዲስኩ አብሮ ሰጠ። ጌሙ የሚያሳየው የአንድ ትልቅ አገር አንዲት ደሴት ብቻ ነው፤ «ታምሪየል ሪቢልት» የተባለው ቡድን የቀረውን ምድር ከተማ በከተማ እየሠራ ያወጣል፤ የተጀመረው ጌሙ ራሱ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ እስካሁንም አላለቀም። በጎን ደግሞ «ኦፕን ኤምደብሊው» ከ2008 ጀምሮ የጌሙን ኢንጂን ከሥር እንደገና ጽፎ፣ የገዛውን ፋይል የያዘ ሰው በዛሬ ኮምፒውተር እንዲጫወት አስችሏል።

የሞድ ሂሳዊ ጉልበት በግልጽ የሚታየው በ«ኦብሊቪየን» ላይ ነው። በዚህ የቤተስዳ የ2006 ጌም ጠላቶች ከተጫዋቹ ጋር እኩል ይጠነክራሉ። ተጫዋቹ ሲያድግ፣ መንገድ ላይ ጥቂት ሳንቲም የሚቀማ ሽፍታ ንጉሥ የማያገኘውን ውድ ጥሩር ለብሶ ይቀርባል። ይህን አንድ ሃያሲ በሦስት ገጽ ሊተች ይችላል። «ኦስኩሮስ ኦብሊቪየን ኦቨርሆል» የተባለው ሞድ ግን ዓለሙን ራሱን ለወጠው፤ አደገኛው ቦታ ተጫዋቹ ማንም ይሁን አደገኛ፣ ቀላሉም ቀላል ሆኖ ይቆያል። ክርክሩ የቀረበው በሚጫወቱት ነገር ነው። የሞዱ ሠሪ በኋላ ኦብሲዲያን ቀጥሮት በ«ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» ላይ ሠርቷል።

«ኦብሊቪየን» ራሱ አሁን በሁለት እጅ እየተገለበጠ ነው። «ስካይብሊቪየን» በበጎ ፈቃደኞች ከአሥር ዓመት በላይ የተደከመበት ነው፤ ጌሙን በኋለኛው በ«ስካይሪም» ኢንጂን እንደገና ይሠራል፤ በ2006 በኮምፒውተር ስሌት የተዘረጋውን መልክዓ ምድር በእጅ ይቀርጻል፤ ከተሞቹን እርስ በርስ እንዳይመሳሰሉ ይለያል። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ቤተስዳ ቨርቹኦስ ከተባለ ስቱዲዮ ጋር ያዘጋጀውን «ኦብሊቪየን ሪማስተርድ» ይፋ ባደረገበት ቀን ሸጠው። ለስካይብሊቪየን ሠሪዎችም ጌሙን በነፃ ሰጣቸው፤ ሥራቸውን አቁሙ አላላቸውም። የኩባንያው ቅጂ ላይኛውን መልክ በአንሪል ኢንጂን 5 ለብሶ ከሥር የ2006ቱን ጌም ያስኬዳል። አድናቂዎቹ ደፍረው ሲለውጡ ባለቤቱ ለንባቡ ታማኝ ሆኖ መገኘቱ ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው። የዕድገት ሥርዓቱን አሻሽሏል፣ ለአንዳንድ ዘሮችም አዲስ ድምፅ ጨምሯል፤ የቀረውን በአብዛኛው እንዳለ ትቶታል።

እንዳለ ከተተዉት አንዱ በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ከተማ የምትገኝ አንዲት የኤልፍ ሴት ወሬ ስትነግር ትሳሳታለች፤ ተዋናይቷ ቆም ትልና ያንን ዓረፍተ ነገር እንደገና ልበለው ብላ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በ2006 ቀረጻውን ያጣራው ሰው ሳያስተውለው አልፎታል፤ ገጸ ባሕርይዋ እስከ ዛሬ በተጫዋቹ ፊት ትሳሳታለች፣ ትደግማለች። ፊቷ አዲስ ነው፣ ልብሷ አዲስ ነው፣ ብርሃኑም አዲስ ነው። ስህተቱን ግን በ2025 የገለበጡት እጆች እያወቁ አልፈውታል።