የሚያውቁትን ቃል በጆሮ ማግኘት

አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የእንግሊዝኛ የድምፅ ቅጂ አዳምጦ «አልገባኝም» ሲል፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የቃላት እጥረት ይመስለዋል። ያንኑ ንግግር በጽሑፍ ስሰጠው ግን መዝገበ ቃላት ሳያገላብጥ አንብቦ ይጨርሰዋል። ቃላቱን በዓይኑ ያውቃቸዋል፤ በጆሮው ሲመጡ ይጠፉበታል። የማዳመጥ ትምህርት መጀመር ያለበት ከዚህ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፍተቱ ከተማሪው ስንፍና የመጣ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቢያደርገውም፣ አብዛኛው ተማሪ ቋንቋውን የሚያገኘው ከመጽሐፍና ከሰሌዳ ነው። በገጽ ላይ ቃላት ተለያይተው ይቆማሉ፤ በንግግር ግን ይያያዛሉ። አማርኛ ለየክፍለ ቃሉ ተቀራራቢ ጉልበት ሲሰጥ፣ እንግሊዝኛ አንዱን አጉልቶ ሌላውን ያደበዝዛል። «ዋት ዱ ዩ ዋንት ቱ ዱ» የሚለው ጥያቄ በአሜሪካውያን አነጋገር «ዋድዩ ዋነ ዱ» ወደሚል ድምፅ ይጠጋል። «ካን» በዓረፍተ ነገር መካከል ሲገባ «ክን» ይሆናል፤ አፍራሹ «ካንት» ደግሞ አናባቢውን አጉልቶ የመጨረሻዋን «ት» ሊውጣት ይችላል። ተማሪው ጎላ ያለ «ካን» ይሰማና «ይቻላል» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩ ያለው «አይቻልም» ነው። ስለ መድኃኒት አወሳሰድ በሚሰጥ ትምህርት ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

እኛም «ምን አደረግህ» ብለን እየጻፍን «ምናረክ» እንላለን። ይህን ለተማሪዎቼ ሳነሣላቸው ይቀላቸዋል፤ ቃላትን ማያያዝና መዋጥ የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ ያያሉና።

በየክፍሉ የተለመደው አሠራር ቅጂውን ማሰማት፣ ጥያቄ መጠየቅ፣ መልሱን አርሞ ማለፍ ነው። ጆን ፊልድ እ.ኤ.አ. በ2008 «ሊስኒንግ ኢን ዘ ላንጉጅ ክላስሩም» በተሰኘው መጽሐፉ አጥብቆ የሞገተው ይህንኑ ልማድ ነው። ትክክለኛ መልስ ተማሪው እንዴት እንደሰማ አይነግረንም፤ የተሳሳተውም የት ላይ እንደተሰናከለ አያሳየንም። ፈተና የራሱ ቦታ አለው። በአይኤልትስ የማዳመጥ ፈተና 40 ጥያቄዎች የሚመለሱት ቅጂውን አንድ ጊዜ ብቻ በመስማት ስለሆነ፣ ለዚያ የሚዘጋጅ ሰው ራሱን እንዲሁ መፈተኑ ተገቢ ነው። በልምምድ ጊዜ ግን ደግሞ ደጋግሞ መስማት ዋናው ሥራ ነው።

ስለዚህ ከረጅም ቅጂ ይልቅ የሠላሳ ሰከንድ ያህል ቅንጭብ እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ዙር የምጠይቀው ማን ለማን ስለ ምን እንደሚናገር ብቻ ነው። ቀጥሎ እያቆምን እያስኬድን፣ እያንዳንዱ ተማሪ የሰማውን ቃል በቃል ይጽፋል፤ ያልሰማበትን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ሁለት ሁለት ሆነው ያመሳክራሉ፤ ይከራከራሉ። ከዚያ ጽሑፉን አወጣለሁ፣ ባዶውንም በቀይ ይሞላሉ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ሥራ፤ እያንዳንዱ ቀይ ቃል ለምን አመለጠ? ቃሉን ጭራሽ አላውቀውም ነበር? አውቀዋለሁ፣ ግን ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞብኝ ነው? ወይስ ደብዝዞብኝ? አብዛኛው ቀይ ቃል ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ወገን ሲሆን፣ ተማሪው ምን መለማመድ እንዳለበት ራሱ ያውቃል። በመጨረሻ ጽሑፉን አጥፈን እንደገና እንሰማለን፤ ተናጋሪውን ተከትለንም ጮክ ብለን እንደግማለን። አፍ አንዴ ያወጣውን ድምፅ ጆሮ ቶሎ ይለየዋል።

በስልክ ላይ የቅጂውን ፍጥነት ዝቅ ማድረግ ያመለጠን ቃል ለማግኘት ይረዳል፤ ማብቃት ያለብን ግን በተፈጥሯዊው ፍጥነት ነው። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው፣ ቀስ ብሎ ይነበብ የነበረውና 1,500 ገደማ መሠረታዊ ቃላትን ይጠቀም የነበረው ስርጭት ቅጂ ለጀማሪ ጥሩ ደረጃ ነው። ሆኖም ቃላቱ ተለያይተው ስለሚነበቡ ተማሪው ከዚያ ወጥቶ ያልተጻፈ ንግግር መስማት ይኖርበታል።

የክፍል ትምህርት ማዳመጥ ደግሞ ሌላ ችሎታ ይጠይቃል፤ እዚያ ሁሉን መጻፍ መጥፊያ ነው። መምህሩ የሚያጎላውን፣ ቆም የሚልበትን፣ «ናው» ወይም «ሶ» ብሎ መንገድ የሚቀይርበትን መከታተል ያስፈልጋል። ለዚህ ሩት ዋይንሪብ እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቀችው ዲክቶግሎስ ጠቅሞኛል። አጭር ጽሑፍ በተለመደው ፍጥነት ይነበባል፣ ተማሪዎች ቁልፍ ቃላትን ብቻ ይይዛሉ፣ ከዚያ በቡድን ሐሳቡን መልሰው ይገነባሉ። ድምፁም የአንድ አገር ሰው ብቻ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ፤ ግቢያችን ውስጥ ኢትዮጵያዊም ሕንዳዊም መምህር በየራሱ ቅላጼ ያስተምራልና።

ሕጉም ፊዚክሱም ለተማሪው የሚመጣለት በእንግሊዝኛ ነው። በጆሮው መከታተል ያልቻለ ተማሪ በሃንድአውትና በጓደኛ ማስታወሻ እየተደገፈ ሊመረቅ ይችላል፤ በክፍል ውስጥ ጠይቆ የመማር ዕድሉ ግን ያመልጠዋል። ባልደረቦቼን የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው፦ በሚቀጥለው የማዳመጥ ክፍለ ጊዜ መልስ ከማረማችሁ በፊት «የሰማችሁትን ጻፉልኝ» በሉ፤ ከዚያ በሚወጣው ባዶ ቦታ ላይ ተመሥርታችሁ አስተምሩ።