የአል-ቢሩኒ ተራራና ከባግዳድ የሄደው ጸሐፊ



በእንጅባራ ከተማ በመድረሳ ልጆችን ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አል-ቢሩኒ ምድርን ለካ፣ ኢብኑል ሀይሠም ብርሃንን መረመረ፣ አል-ኸዋሪዝሚ አልጀብራን ደረሰ እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ። ልጆቹ «ማሻአላህ» ይላሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ግን አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ በምን ለካት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካስ ሃያ ዓመት ሙሉ ስም ስቆጥር ነበር!

መልሱን ያገኘሁት የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ባመጣልኝ የጂም አል-ኸሊሊ መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛዬ የሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ይዘን አብረን አነበብነው፤ ብዙ ወራትም ፈጀብን።

አል-ኸሊሊ በ1962 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ባግዳድ ውስጥ ከኢራቃዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት ተወለደ። ሳዳም ሑሴን ሥልጣን በያዘበት በ1979 ወደ እንግሊዝ ሄደ። በሰሪ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጥንቶ በ1989 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ሙያው የአቶም አስኳል ምርምር ነው። በኋላም ለተራው ሰው ስለ ሳይንስ ወደ መጻፍ አዘነበለ፤ ለዚህም በ2007 የሮያል ሶሳይቲ የማይክል ፋራዳይ ሽልማት ተሰጠው። በ2009 ስለ ሳይንስና እስልምና በቢቢሲ ቴሌቪዥን ያቀረበውን ተከትሎ በ2010 «ፓዝፋይንደርስ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። የቀደሙ ሊቃውንትን ሕይወትና ሥራ የሚተርከው ይኸው መጽሐፍ ነው።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። ሰውየው ሃይማኖተኛ አይደለም። በ2013 የብሪታንያ ሂዩማኒስት ማኅበር ፕሬዝዳንት ሆኗል። «ታዲያ ከእሱ ምን ትማራለህ?» ያሉኝ ወንድሞች አሉ። እኔም ሁነይን ኢብን ኢስሐቅን ጠቀስኩላቸው። ሁነይን ክርስቲያን ነበር፤ በዐባሲያ ኸሊፋዎች ዘመን የጋሌኖስን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲመልስ ሙስሊሞች ተቀብለው ተማሩበት።

የመጽሐፉ ብርታት ጸሐፊው ባለሙያ መሆኑ ነው። የአል-ቢሩኒን ነገር እንመልከት። በዛሬዋ ፓኪስታን ናንዳና በተባለ ስፍራ ሰፊ ሜዳ ላይ የቆመ ተራራ አለ። አል-ቢሩኒ መጀመሪያ ከሜዳው ሆኖ የተራራውን ጫፍ ከሁለት ቦታ አየና በሁለቱ ማዕዘኖች ከፍታውን አሰላ። ከዚያም ጫፉ ላይ ወጥቶ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር ከዓይኑ ትክክል ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለካ። ያገኘው 34 ደቂቃ፣ ማለትም ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ፣ ከከፍታውና ከዝቅታው፣ የምድርን ግማሽ ስፋት አወጣ። ምድርን መዞር አላስፈለገውም!

ይህን ካነበብን በኋላ ልጆቹን ይዤ ከከተማችን በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣሁ። አልሆነልንም። በእኛ አገር ከኮረብታ ላይ ሲያዩ የሚታየው ሌላ ኮረብታ ነው፤ አድማሱ አይገኝም። አል-ቢሩኒ ሜዳ የከበበውን ተራራ ለምን እንደፈለገ የገባኝ ያኔ ነው።

ነቀፌታም አለኝ። አል-ኸሊሊ በ2009 በጻፈው መጣጥፍ ኢብኑል ሀይሠምን የመጀመሪያው እውነተኛ ሳይንቲስት ብሎታል። «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል የእኛም በሽታ ነው፤ በሽታችንን ከፊዚክስ ሊቅ ሳገኘው አዘንኩ። ኢብኑል ሀይሠም ከግብፁ ገዥ ከአል-ሓኪም ቁጣ ለማምለጥ እብድ መስሎ ኖረ የሚባለውንም ታሪክ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ነገር ግን ጽፎ ያቆየልን አል-ቂፍጢ ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የኖረ ነው። በይቱል ሂክማንም እንዲሁ እንደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አድርገን እንስለዋለን፤ ዲሚትሪ ጉታስን የመሰሉ የታሪክ ሊቃውንት ግን የቤተ መንግሥት መጻሕፍት ቤት ነበር ባዮች ናቸው።

ከሁሉ በላይ የጎደለኝ ኒያው ነው። አል-ቢሩኒ በ1025 የፈጸመው የከተሞችን አቀማመጥ የሚወስነው ኪታቡ አንዱ ዓላማ የገዝናን ቂብላ ማግኘት ነበር። ማዕዘን የሚለካ እጅ ለሶላት እንደሚቆም ከውስጥ ሆኖ የሚነግረኝ ጸሐፊ ፈልጌ ነበር። ይህን ከአል-ኸሊሊ መጠበቅ ግን የእኔ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም።

«የእስልምና ሳይንስ» ከማለት «የዐረብኛ ሳይንስ» ማለቱን የሚቃወሙት አሉ። እኔ አልተቃወምኩም። አል-ኸዋሪዝሚም፣ አል-ቢሩኒም፣ ኢብን ሲናም ዐረቦች አልነበሩም፤ የጻፉት ግን በአብዛኛው በዐረብኛ ነው። ቤቱ አገውኛ፣ ገበያው አማርኛ፣ ኪታቡ ዐረብኛ ለሆነ የእንጅባራ ልጅ ይህ ምኑ ይከብደዋል?

ያ ልጅ አሁን ሌላ ጥያቄ አምጥቷል። አል-ቢሩኒ ተራራው ላይ ሳይወጣ ከፍታውን እንዴት እንዳወቀ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። በእንጨት ማዕዘን መለኪያ ሠርተን ከግቢው ከሁለት ቦታ የመስጂዱን ሚናራ ለካን። ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለት የማይገናኝ ቁጥር አገኘን። ለሦስተኛው ሙከራ ጁሙዓን ቀጥረናል።