ላዩ ቀለም፣ ውስጡን ለቄስ

መጽሐፍ ሲታተም ሐያሲ ይነሣበታል። ቴአትር ሲከፈት አንዱ «ግሩም ነው!» ይላል፣ ሌላው «ጊዜዬን በላው» ብሎ ይጽፋል። ሥዕል እንኳ፣ ብዙዎቻችን ራሳችንን እየነቀነቅን የምናልፈው ሥዕል፣ የሚተቸው አያጣም። አሮጌ መኪና አድሰው አደባባይ የሚያወጡ ወገኖቻችን ግን እስከ ዛሬ ሐያሲ የላቸውም። የሚጠብቃቸው ጭብጨባ ብቻ ነው። «አቤት ሲያምር! አዲስ አስመሰልከው እኮ!» ይባላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በቃ። እኔ ዛሬ ይህን ክፍት የሥራ ቦታ ልሞላ ተነሥቻለሁ። ደመወዝ አልጠይቅም።

የምተቸው ቮልስን ነው፤ ይቅርታ፣ ቮልስን ሳይሆን ቮልስ አዳሾችን። ነገሩ ላዳ ያለውንም፣ ፊያት 600 ያለውንም፣ ዲኤክስ ያለውንም ይመለከታል። ቮልስን የመረጥኩት ስለማውቃት ነው። አባቴ የተወልኝ አንዲት ቮልስ አለችኝ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም።

መቼም ቮልስ በዚህ አገር ተራ ዕቃ እንዳልሆነች አንባቢ ያውቃል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት ከእነዚያ ሁሉ ትልልቅ መኪኖቻቸው በአንዱ ሳይሆን በቮልስ ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ሌላው አገር ሙዚየም ሲያስገባት እኛ ግን ልጅ ትምህርት ቤት እናደርስባታለን።

ደግሞም ጊዜው የአሮጌ መኪና ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ለኤሌክትሪክ መኪና ኪሱ ያልፈቀደለት ሰው ምን ያድርግ? ያለችውን ያድሳል። ማደሱ ጥሩ፣ እሰየው! ጥያቄዬ እንዴት ነው የሚያድሳት የሚል ነው።

ሐያሲ ነኝ ካልኩ ምስጋናውን ማስቀደም አለብኝ። የአገራችን ጋራዥ ያለ መጽሐፍ የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ባትላሜራ… ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ፣ ቃሉ ግን ከጋራዥ አልወጣም። አባት ለልጅ፣ መካኒክ ለረዳት እያቀበለው እዚህ ደርሷል። ሶማሌ ተራ ገብቶ ያጣውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ሄዶ የሚያስቀርጽ፣ ምናለሽ ተራ ከተጣለ ብረት መሐል የሚፈልገውን ለቅሞ የሚወጣ ባለሙያ አለን። በጠባብ በጀት መሥራትን ከእኛ ጋራዥ የተሻለ የሚያስተምር ያለ አይመስለኝም። እጁን ይባርከው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ባለፈው ክረምት አንድ ባትላሜራ ዘንድ ቆሜ ሥራውን እያየሁ ነበር። አንዲት ቮልስ ስቱኮ ትቀባለች። ከበሩ ሥር ያለውን ብረት በጣቴ ጫን ሳደርገው ረገብ አለ።

«ወንድሜ፣ ይሄን ዝገት በልቶታል እኮ» አልኩት።

«በልቶታል እንጂ ጋሼ!» አለኝ፣ ሳይደብቅ።

«ታዲያ ለምን አትቆርጠውም?»

«ልቁረጠው ብዬ ነበር። ባለቤቱ ‹ተወው፣ እሱ አይታይም› አለኝ። ያዘዘኝ ቀለም ነው።»

አይታይም! የሂሴ ርዕሰ ጉዳይ ይቺ አንዲት ቃል ናት። የመኪና እድሳታችን፣ ሌላ ሌላውንም ሳንጨምር፣ በሚታይና በማይታይ ተከፍሏል። ገንዘቡ ወደሚታየው ይሄዳል። ነፍሳችን ግን የተንጠለጠለችው በማይታየው ላይ ነው።

እስቲ ያ ጣቴን ያሳረፍኩበትን ብረት እንየው። ቮልስ ላይ ከበሩ ሥር ግራና ቀኝ የሚያልፈው ባዶ ብረት ጌጥ አይደለም። ከሞተር የሚመጣ ሙቀት በውስጡ ያልፋል፣ ከዚያም በላይ አካሏን አጥብቆ የሚይዝ ምሰሶ ነው። እሱ ከበሰበሰ በሩ እንደ ልብ አይዘጋም፤ በግጭት ጊዜም የሚከላከል ነገር የለም። ስቱኮ ደግሞ ዝገትን አያድንም። ዝገቱ በስቱኮው ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል፣ በሁለተኛው ክረምት ቀለሙን አሳብጦ «አለሁ» ይላል። ያኔ ባለቤቱ ምን ይላል? «ቀለም ቀቢው አጭበረበረኝ!»

ቀጥለን የኋላ ወንበሩን እናንሣ። የቮልስ ባትሪ ያለው እዚያ ነው፣ ልጆቻችን ከሚቀመጡበት ሥር። ባትሪው ክዳን ነበረው። ብዙዎቹ ላይ ዛሬ የለም፤ የት እንደሄደ የሚያውቀው ሰባተኛው ባለቤት ይሁን ሦስተኛው እንጃ። ክዳን ከሌለ የወንበሩ ሽቦ ሞላ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፣ ብልጭ ይላል፣ የወንበሩ ጭድ መሰል ሙሊት ይያያዛል። ይህን ለመከላከል ስንት ብር ያስፈልጋል? አንድ ቁራጭ ወፍራም ጎማ ወይም እንጨት። ወንበሩን ግን በአዲስ ቆዳ አልብሰነዋል፤ ቆዳው ይታያላ!

ወደ ኋላ ሄደን ሞተሩን እንክፈት። ነዳጅ ወደ ካርቡራተር የሚያደርሰው የጎማ ቱቦ በሜትር የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ነው። ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑም እሳት የሚረጨው ኤሌክትሪክ አጠገብ መንጠባጠብ ይጀምራል። የቮልስ የሞተር አካል የተሠራው ማግኒዚየም ከሚበዛበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ በውኃ አይመለስም። መንገድ ዳር ተቃጥላ አመድና ብረት ብቻ የቀረች ቮልስ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። እኔ አይቻለሁ። ቸርኬዋ አዲስ ነበር።

ፍሬኑንስ? የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በሁለት ዓመት አንዴ ካልተቀየረ ፖምፓውን ከውስጥ ያዝጋል፣ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰጥማል። ወደ ጎማው የሚሄደው ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፣ ፍሬን ይዞ አልለቅም ይላል። ሸራው ካለቀ በኋላ ያለውን ክፍተት ለማስተካከል የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ካቻቪቴና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ነው። በነገራችን ላይ፣ የድሮው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት። አቧራውን በኮምፕሬሶር የሚነፋው የአሥራ ስድስት ዓመት ረዳት ሳንባው ውስጥ ምን እንደሚያስገባ ማንም አልነገረውም። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምን ያስወጣል?

አሁን ወደ «ማሻሻል» ልለፍ። ማደስ እንደነበረች መመለስ ነው፤ ማሻሻል ካልነበራት መጨመር። በመርህ ደረጃ ተቃውሞ የለኝም። ከፊት ወንበር ላይ ሦስት ቦታ የሚያዝ ቀበቶ ማስገባት ማሻሻል ነው። አንዱ መስመር ሲበጠስ ሌላው እንዲሠራ ሁለት መስመር ያለው የፍሬን ፖምፓ መግጠምም ማሻሻል ነው። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ሰፋፊ ጎማ ይገጠምና መሪ ይከብዳል፣ ኩሽኔታ ያልቃል። አካሏ መሬት እስኪስም ዝቅ ይደረግና እያንዳንዱ የመንገድ ጉብታ ሆዷን ይቧጥጣታል። መስታወት ይጠቁራል። ስፒከሩ ከሞተሩ በላይ ይጮኻል፤ ይህ እንኳ ጥቅም አለው፣ ሞተሩ የሚያሰማውን ሮሮ ይሸፍናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የላሜራው ነገር ነው። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ውኃ አትጠጣም። የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ሞተሩን ከብበው የተሠሩት ላሜራዎችና ዳር ዳሩን የሚዞረው ጎማ ቀዝቃዛውን አየር ከላይ፣ የጋለውን ከታች ለይተው ያቆያሉ። አዳሹ ሞተሩን ያወጣና «ይሄ ቆርቆሮ አያምርም» ብሎ ግማሹን ይጥላል፣ የቀረውን ኒኬል ያስነክራል። ከዚያ ሞተሩ ራሱ የተነፈሰውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የእንጦጦን ዳገት ግማሽ ሳትወጣ ዘይቷ ይቀጥንና ፒስተን ትነክሳለች። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ነው፣ የማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር ጉልበት ከአምስት አንዱ ያህል በከፍታው ብቻ ይቀንሳል። ካርቡራተሩን ለዚህ አየር ማስተካከል ትንሽ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ግን ካርቡራተር ፎቶ አይነሣም።

«አንተ ደግሞ! ገንዘብ የለንማ፣ በጀቱ ጠባብ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ደህና፣ እንቁጠር። የፍሬን ዘይት፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የባትሪ ክዳን፣ የሞተሩ ዙሪያ ጎማ… እነዚህ ሁሉ ተደምረው የአንድ ቸርኬ ዋጋ አይሆኑም፣ አራቱንማ ተዉት። ስለዚህ በጀቱ ጠቦ አይደለም፤ ተራው ተገልብጦ ነው። ባለጠጋ ቢሳሳት ደግሞ ያሠራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ እኛ ድሆቹ ግን ሁለት ጊዜ ለመታጠቅ አቅም የለንም። ተራን በትክክል መያዝ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለሌለው ሰው ነው።

ተራው እንዲህ ቢሆን እላለሁ። መጀመሪያ የሚያቆማት፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ። ቀጥሎ የሚያቃጥላት፤ የነዳጅ ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ። ከዚያ የሚሸከማት፤ ወለሏና ከበር ሥር ያለው ብረት። ከዚያ የሚያስኬዳት፤ ሞተርና ካምቢዮ። ቀለም በመጨረሻ ይምጣ። ሦስት ዓመት ቢፈጅም ይፍጅ። በየወሩ ከደመወዝ የተቆረጠች ጥቂት ብር አንድ አንዱን ትጨርሳለች፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እስከዚያ መኪናዋ አምስት ዓይነት ቀለም ይዛ ብትሄድ፣ ሰፈር ቢስቅባት፣ ትቆማለች እኮ!

ግን ሐቁን እንነጋገር። አዳሹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ያንን ተራ ያስገለበጥነው እኛ ተመልካቾቹ ነን። መኪና ልንገዛ ስንሄድ በመጀመሪያ የምንዞረው ዙሪያዋን ነው። ቀለሟን በእጃችን እንዳብሳለን፣ በሯን ከፍተን እንዘጋለን፣ «ንጹሕ ናት» እንላለን። ጋደም ብሎ ሥሯን የሚያይ ገዢ «ተጠራጣሪ» ይባላል። ሻጩም ሞኝ አይደለም፤ ብሩን የምንከፍልበት ላይ ብሩን ያፈሳል። ባለሙያውም እንደዚሁ። ያ ባትላሜራ ዝገቱን ቆርጦ አዲስ ብረት ቢበይድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል፣ ከቀለሙ በታች ስለሚቀበር ግን ማንም አያመሰግነውም፣ ብዙ ጊዜም አይከፍለውም። ስቱኮውን ሲያለሰልስ ግን «እጅህ ወርቅ ነው!» ይባላል። ሰው በተመሰገነበት በኩል ያድጋል። እንዲህ እያደረግን ጎበዝ በያጆቻችንን ጎበዝ ለሳኞች አደረግናቸው።

ይህም ለገዢና ለሻጭ ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። ያቺ ያማረች ቮልስ አበባ ለብሳ ለሙሽራ ትከራያለች። ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከሥራቸው ክዳን የሌለው ባትሪ አለ፣ ከፊታቸው ቁልቁለት አለ፣ ከቁልቁለቱ ሥር ደግሞ መንገድ የሚሻገር የእኔም የአንባቢም ልጅ አለ። እግረኛው ልጅ ለቀለሙ አላጨበጨበም። ዋጋውን ከከፈለ ግን የሚከፍለው እሱ ነው።

ስለዚህ ሂሴን የማጠቃልለው ለአዳሾቹ ሳይሆን ለአጨብጫቢዎቹ መልእክት በማስተላለፍ ነው። ነገ አንድ ወዳጃችሁ ያደሳትን መኪና ሊያሳያችሁ ሲጠራችሁ፣ እባካችሁ ከማድነቃችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁት፤ «ፍሬኗስ?» በሉት። ፊቱ ከበራና ተንበርክኮ የሠራውን ሊያሳያችሁ ከጀመረ፣ ያን ጊዜ እጃችሁ እስኪቃጠል አጨብጭቡለት፤ ቀለሟ የተላላጠ ቢሆን እንኳ። «አንተ ደግሞ ነገር ትወዳለህ!» ብሎ ከተቆጣ ግን፣ ላድርሳችሁ ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ታክሲ ያዙ።