«ምክንያት» ወይስ «መንሥኤ»? በችግር ዛፍ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የፕሮጀክት ዕቅድ አዘጋጆች አንድን ችግር ለመመርመር ከሚገለገሉባቸው ሥዕላዊ ንድፎች መካከል ሁለቱ በአማርኛ የሥልጠና መምሪያዎች ውስጥ አዘውትረው ይገኛሉ። አንደኛው «የችግር ዛፍ» የተባለው ነው፤ ግንዱ ዋናውን ችግር፣ ሥሮቹ ችግሩን ያስነሡትን ነገሮች፣ ቅርንጫፎቹም ከችግሩ የመጣውን ጉዳት ያሳያሉ። ይህ ንድፍ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የምዕራብ ጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ካስፋፋው የዕቅድ ዘዴ ጋር በብዙ አገሮች ታውቋል። ሁለተኛው የጃፓናዊው ካኦሩ ኢሺካዋ (1915–1989 እ.ኤ.አ.) «የዓሣ አጥንት» ነው፤ የካይዘን ሥልጠና የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ ንድፎቹ ጠቀሜታ መፍረድ የባለሙያዎቹ ፋንታ ስለሆነ አልገባበትም። ሂሱ የሚያተኩረው በአማርኛ በተሰጧቸው ቃላት ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚገኘው በጣም ቀላል በሚመስለው ቃል፣ በ«ምክንያት» ላይ ነው። በእጄ የገቡት መምሪያዎች ሁሉ ከግንዱ በታች የሚጻፈውን «የችግሩ ምክንያት» ይሉታል። ነገር ግን «ምክንያት» በግእዝም ሆነ በአማርኛ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው፤ አንድ ነገር እንዲሆን ያደረገውን ነገር ያመለክታል፣ ሰው ራሱን ለማዳን የሚያቀርበውንም ሰበብ ያመለክታል። «አመካኘ»፣ «ማመካኛ» የተባሉት ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሕዝብ ተሰብስቦ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጆሮው የሚሰማው «ማን ነው ጥፋተኛው? መልስ ስጡ» የሚለውን ነው። መልሱም እንደ ጥያቄው ይሆናል።

በአንድ ወረዳ በተደረገ የውኃ ፕሮጀክት ዐውደ ጥናት ላይ ተገኝቼ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ግንዱ ላይ «የእጅ ፓምፖቹ አይሠሩም» ተብሎ ተጻፈ። ተሳታፊዎቹ በየካርዱ ያሰፈሩት ምክንያት «የበጀት እጥረት»፣ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ»፣ «የክትትል ጉድለት» የሚል ነበር። እነዚህ ሁሉ ለበላይ አካል በሚላክ ሪፖርት ላይ የሚጻፉ ማመካኛዎች ናቸው። በምሳ ሰዓት አንድ የውኃ ኮሚቴ አባል የሆኑ አዛውንት ያጫወቱኝ ግን ሌላ ነበር፤ የፓምፑ ጎማ ሲያልቅ መለዋወጫው በወረዳው ከተማ አይሸጥም፣ ሌላ ከተማ ድረስ ለመሄድም ለመልእክተኛው አበል የሚከፍል የለም። «ይህንንስ ካርድ ላይ ለምን አልጻፉም?» ብላቸው «የተጠየቅነው ምክንያት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ የጸደቀው ዕቅድ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ሆነ፤ የመለዋወጫው ነገር አልተነሣም።

እንግዲህ «መንሥኤ» የሚለው ቃል ተመራጭ ነው እላለሁ። ቃሉ ከግእዙ «ነሥአ» የመጣ ሲሆን፣ ከአማርኛው «ተነሣ»፣ «አስነሣ» እና «መነሻ» ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው፤ ችግሩን ያስነሣው ማለት ነው። የመጽሐፍ ቃል ነው፣ ለገበሬ ይከብዳል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ሆኖም «የበሽታው መንሥኤ» የሚለው አነጋገር በጤና ትምህርት አማካይነት ገጠር ድረስ ዘልቋል፤ በሽታን ደግሞ ማንም «አመካኘ» አይለውም። ለሚከብደው ሰው «ምን አስነሣው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ጃፓኖቹ በዚህ ረገድ ከእኛ የተጠነቀቁ ናቸው። የዓሣ አጥንቱን በቋንቋቸው ሲሰይሙ ለተጠረጠረ ነገር የሚሆነውን «ዮዊን» የተባለ ቃል መረጡ እንጂ፣ ለተረጋገጠው መንሥኤ የሚሆነውን «ጌንኢን» አልወሰዱም።

ወደ ቅርንጫፎቹ ስንወጣ ደግሞ «ውጤት» የሚለውን እናገኛለን። ይህ ቃል በዕቅድ ጽሑፎች ውስጥ ሸክሙ በዝቶበታል፤ ፕሮጀክቱ ያስገኘውም፣ ተማሪው በፈተና ያመጣውም፣ ችግሩ ያደረሰው ጉዳትም ያው «ውጤት» ነው። ከዚህም በላይ «ውጤታማ» ስንል ማመስገናችን ነው። አንድ መምሪያ ጭራሽ «የችግሩ ፍሬዎች» ብሎ የሕፃናትን ተቅማጥ ዘርዝሯል። አማርኛ ለክፉ ተከታይ ነገር የራሱ ቃል አለው፤ እርሱም «መዘዝ» ነው። ሰበዝ ሲመዝዙት ሌላውን አስከትሎ እንደሚወጣ ሁሉ፣ መዘዝም አንዱ አንዱን እየሳበ የሚመጣ ነው። በችግር ዛፍ ላይ «መዘዝ» ቢባል፣ ችግሩ ተገልብጦ የዓላማ ዛፍ ሲሠራ ደግሞ «ውጤት» ቢባል፣ ሁለቱ ዛፎች በቃል ብቻ ይለያሉ። «ሥር የሰደደ ችግር» የሚለውንም ለሥረኛው መንሥኤ መጠቀም አይገባም፤ ሐረጉ የችግሩን ዕድሜ እንጂ ምንጩን አይናገርም።

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር። በካርድ ላይ «እጥረት»፣ «ማነስ»፣ «አለመኖር» እያሉ በስም መጻፍ አድራጊውን ይሰውራል፤ መፍትሔውንም አስቀድሞ ይወስናል፣ የበጀት እጥረት መፍትሔው በጀት ነውና። ስለዚህ በየካርዱ ግሥ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ከዚያም ሁለቱ ካርዶች በ«ስለ» ተያይዘው ጮክ ተብለው ይነበቡ። «ጎማው በወረዳው ስለማይሸጥ ፓምፑ ቆሞ ይከርማል» ያስኬዳል። «ግንዛቤ ስለሚያንስ ፓምፑ ቆሞ ይከርማል» ሲባል ግን ሰሚው «የማን ግንዛቤ? ስለ ምን?» ማለቱ አይቀርም። የዓሣ አጥንቱ ለዚህ ንባብ ከዛፉ ይልቅ ይመቻል፤ አማርኛ ጥገኛውን ሐረግ አስቀድሞ ማሠሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ እንደሚያኖር፣ የዓሣውም አጥንቶች በግራ፣ ራሱ በቀኝ ነው። ዛፉን ከላይ ወደ ታች የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ግን በየደረጃው «ይህም የሆነው … ስለሆነ ነው» እያለ ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ ይኖርበታል። ዛፉን ከሥሩ ወደ ላይ አንብቡ ብሎ ማዘዝ ለአሠልጣኞች አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ካየኋቸው መምሪያዎች ግን አንዱም አልጻፈውም።