ስለ በዓል ገበታ ጌጥ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለሚዘረጋው የፋሲካ ገበታ ጥቂት ልተች። 55 ቀን ጾሞ ለሚገድፍ ሰው ቤቱን ማስጌጥ ተገቢ ነው። ነገር ግን በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ በአንዳንድ ቤት በአለላ ያማረው መሶብ ከቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ በገበታው የላስቲክ አበባ ተደርድሮ አያለሁ። አበባው የተገዛ ነው፤ የቤቱን ሙያ አይናገርም። መሶቡ ግን ከስንደዶና ከአክርማ በወስፌ ሲሰፋ የሰፊዋን ትዕግሥት ይመሰክራል፤ ክብ ስለ ሆነም ድኻውና ባለጸጋው እኩል እጃቸውን ይዘረጉበታል። ዝናብ ባጠረ ዓመት ተበድሮ ጌጥ መግዛትማ ዕዳን ማስጌጥ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ቄጤማ ጎዝጉዙ፤ መሶቡን አውርዱ፤ የሚገድፍበት ያጣውንም ጎረቤት ጥሩ። እርሱ ካልተቀመጠበት ገበታው ገና አላማረም።