ሙሾ ያለ ተቀባይ፦ የ2012 ዓ.ም. ክልከላና የቤተ ዘመድ ቃል በምዕራብ ደቡብ ወሎ

በሥነ ቃል ጥናታችን ሙሾ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የአልቃሿ የውስጥ ስሜት መግለጫ ተደርጎ ነው። ቃሉ ከአፏ ይወሰዳል፣ በስንኝ በስንኙ ይደረደራል፣ ሰሙ ከወርቁ ይለያል፣ ዘይቤው ይነገራል፤ ከዚያ ይታለፋል። ለማን እንደተባለ፣ በዚያ ሰዓት ከድንኳኑ ማን ቆሞ እንደነበርና ማን እንደቀረ ግን አይጻፍም። በዚህ አጭር መጣጥፍ ይህ አቀራረብ የሙሾን ግማሽ አካል እንደሚጥል ለማሳየት እሞክራለሁ። ማስረጃ የማደርገውም የኮቪድ-19 ክልከላ በነበረበት ወቅት በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በለጋምቦ፣ ሙሾ ያጣውን ነገር ነው።

የክልከላው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። በሽታው በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የ5 ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ማስፈጸሚያው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና ለሰላምታ መጨባበጥን ከለከለ። ፋሲካ ሚያዝያ 11፣ ዒድ አልፈጥር ግንቦት 16 ቀን ዋሉ፤ ሁለቱም በዚሁ ዐዋጅ ውስጥ። በአንድ የዘር ሐረግ ክርስቲያንና ሙስሊም በሚገኝበት በወሎ፣ በእነዚህ በዓላት አንዱ የሌላውን ደጅ ካልረገጠ ነገር እንዳለ ይጠረጠራል።

ከደንቡ በፊት ግን ቋንቋው ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከየሬዲዮው ይሰማ የነበረው «ራቁ» እና «ለይቶ ማቆያ» የሚል ቃል ነበር። «ራቀኝ» በአማርኛ የዘመድ ቅሬታ ነው፤ «ተለየን» ደግሞ የሞት ቃል ነው። የጤና ባለሙያው የጥንቃቄ ቃል ያደረገው፣ አዳማጩ በወቀሳና በኀዘን ሲገለገልበት የኖረውን ነው። አንዲት የደጋ እናት ልጇ «ለይቶ ማቆያ ገባ» ሲባል የሰማችው ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። በዚያ ዓመት ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው የመጡ ስደተኞች እየተለዩ ሲቆዩ፣ የብዙዎቹ ወላጆች ያሉት በዚሁ ዞን ነበር።

ወደ ክዋኔው ልመለስ። በአካባቢው ባህል ሞት የሚነገረው በመርዶ ነው። ሰው በማለዳ ይሰበሰባል፤ ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ ይመረጣል፤ የሟቹ የቅርብ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ይከበባል። ሙሾ የሚጀምረውም ከዚህ ክብ ነው፤ አልቃሿ ታወጣለች፣ የተሰበሰበው ይቀበላል። በእኔ አስተያየት ዋናው ጉዳይ ያለው በዚህ መቀበል ላይ ነው። አልቃሿ የምትናገረው ለሟቹ ብቻ አይደለም። ርቃ የተዳረችውን እኅት በስሟ ትጠራለች፤ በድንበርና በውርስ ተጣልቶ የከረመውን ወንድም ትነካዋለች፤ ያልጠየቀውን ልጅ ትወቅሳለች። በሌላ ቀን ቢነገር ቤት የሚያፈርስ ነገር በሙሾ ሲባል አያስከስስም። የተነካው ሰው መልስ መስጠት የሚችለው በማልቀስ ነው፤ ካለቀሰ ደግሞ ከእኅቱ ጋር አንድ መደብ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላል። ታዲያ ይህ ሁሉ እንዲሆን ሰውየው ከቦታው መገኘት አለበት። ቅሬው የቀረውን አባል የሚቀጣውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በ2012 ዓ.ም. ቅሬ መቅረትን ሲቀጣ ደንቡ መምጣትን የሚቀጣ ሆነ። ገጠሩ ደንቡን ሙሉ በሙሉ ጠብቋል አልልም፤ አልጠበቀም። ነገር ግን መንገድ ተቋረጠ፣ ከተሜው ዘመድ ቀረ፣ መርዶ በስልክ ሆነ። ከዚህም የከፋው፣ መቅረት ምክንያት አገኘ። ቀድሞ ወንድም ከእናቱ ቀብር ከቀረ ትርጉሙ አንድ ነበር። አሁን «ክልከላ ነው» ሲል ፍርሃት ይሁን ቂም የሚለይበት መንገድ ጠፋ። የሙሾ ወቀሳ የሚሠራው መቅረት በደል ሆኖ ሲቆጠር ነው፤ በደሉን መንግሥት ከፈቀደው፣ አልቃሿ በምን ትይዘዋለች?

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ሙሾ ወደ ስልክ ተሻገረ እንጂ አልጠፋም፣ የዐረብ አገር ሴቶች ልጆችም ከወረርሽኙ በፊት እንደዚሁ ያለቅሱ ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ግን የእነርሱ ልቅሶ ከወዲህ ማዶ ተቀባይ ነበረው፤ ልጅቱ በስልክ ስታወጣ መንደሩ ይቀበላት ነበር። የክልከላው ወቅት ያመጣው አዲስ ነገር የስደተኛይቱ ርቀት ወደ አገር ቤት መግባቱ ነው፤ አንድ ሸለቆ የሚለያቸው ሁለት እኅትማማቾች ጅዳና ቦረና ያሉ ያህል ሆኑ።

ፈቃደ አዘዘ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከጎረቤታችን ከሰሜን ሸዋ የሰበሰቧቸውን የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ቃል ግጥሞች አቅርበዋል። ረሃቡ ለገበሬው የግጥም ርእሰ ጉዳይ ሆነ፤ ስለ እርሱ ተገጠመ፣ አምላክም ተጠየቀበት። ወረርሽኙን በዚያው ዘዴ ለማጥናት የተነሣ ተማሪ «ስለ ኮሮና የተገጠመ» እያለ ቢዞር የሚያገኘው በአመዛኙ የመገናኛ ብዙኃን ዘፈን ነው። መጠናት ያለበት በኮሮና ምክንያት ሳይባል የቀረው ነው። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ እንኳ በሕዝቡ ትዝታ ይበልጥ የቆየው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በሚጤሰው ቆሻሻ ነው፤ ትውልድ የሚቀባበለው ሙሾ እንዲህ በሰፊው አይታወቅም።

ሳይባል የቀረ ነገር ደግሞ ይጠራቀማል። በሩቅ ለሞተ ሰው ዘግይቶ እርም ማውጣት የኖረ ልማድ ነው፤ ከ2012 በኋላ ግን ከደጅ ለሞተውም እርም የሚያወጣ ቤተሰብ ተፈጠረ። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ደረሰ፣ ሌላ ሟች ተጨመረ። ከዚያ በኋላ በቦረና ባደመጥሁት አንድ ልቅሶ አልቃሿ የወጣቱን ሟች ሙሾ አቋርጣ፣ በክልከላው ጊዜ ወደ ተቀበረች እናቷ ዞረች። ቃሏን እዚህ አልጠቅስም፤ የቤተሰቡ ነው። የጠራችው ግን ያኔ የቀረውን ወንድሟን ነበር፤ እርሱም በዚህኛው ልቅሶ ከድንኳኑ ቆሟል። አንገቱን ደፋ፤ አላለቀሰም። ተቀባዮቹም ስንኙን ሳይቀበሉ ጥቂት ዘገዩ፤ ከዚያ አንዲት ባልቴት ብቻቸውን ተቀበሉላት።