ልብ እየመታ የሚነገር መርዶ

የመርዶ ነጋሪ ሸክም ከባድ ነው። የሟቹ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል፣ ገላው ሲሞቅ፣ ልቡ ሲመታ እየታየ «ሞቷል» ብሎ መናገር ግን ከሁሉም ይከብዳል። ስፔናዊው የፊልም አዘጋጅ ፔድሮ አልሞዶቫር እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረበው «ሁሉ ነገር ስለ እናቴ» የተሰኘው ፊልም የሚነሣው ከዚሁ ሸክም ነው።

ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ማኑዌላ በማድሪድ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የአካል ክፍሎች ንቅለ ተከላን የምታስተባብር ነርስ ናት። ሐኪሞች ለቤተሰብ መርዶ መንገርንና ልገሳ መጠየቅን ሲለማመዱ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ሆና ትጫወታለች። ልጇ እስቴባንም ስለ እናቱ ለመጻፍ አስቦ ልምምዱን ይመለከታል። ብዙም ሳይቆይ በ17ኛ ዓመት ልደቱ ምሽት፣ የአንዲት ተዋናይት ፊርማ ለማግኘት በዝናብ ሲሮጥ መኪና ይገጨዋል። ማኑዌላ በጨዋታ የለመደችው ሐዘን በእውን ይደርስባታል።

የአንጎል ሞት ሰመመን አይደለም። በሰመመን ያለ ሕመምተኛ ሊነቃ ይችላል፤ አንጎሉ ከነግንዱ ላይመለስ ሥራውን ያቆመ ሰው ግን ሞቷል። ልብ የራሱ የምት ምንጭ ስላለው፣ የመተንፈሻ መሣሪያው አየር እስከሰጠ ድረስ ለጊዜው ይመታል። ማኑዌላ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እውቀቷ ግን ጩኸቷን አላስቀረም።

አዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው «የምስጢሬ አበባ» የሚከፈተውም በተመሳሳይ ልምምድ ነው። በዚያ ትርኢት የምትታየው እናት ልጇ በመሣሪያ ሲተነፍስ እያየች መሞቱን ልትረዳ አልቻለችም። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ቁም ነገር ይገለጣል። መረዳት ሐዘንን አያቀልም፤ ውሳኔውን ግን ከሐሰት ተስፋና ከማይገባ ጸጸት ያድናል። ቤተሰብ «ይሙት ወይስ ይኑር?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ሞቱን ሐኪሞች አስቀድመው አረጋግጠዋል። የሚጠየቀው ስለ ልገሳው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የስፔን ሕግ በሕይወት ሳለ ያልተቃወመን ሰው እንደ ለጋሽ ቢቆጥርም፣ በተግባር ቤተሰቡ ሳይጠየቅ አይታለፍም። በልምምዱ የእያንዳንዱ ቃል ክብደት የሚመረመረውም ስለዚህ ነው።

የፊልሙ ጉድለት እዚሁ ላይ ይታያል። ከመርዶው ወደ ፊርማው የሚደረገው ሽግግር እጅግ ፈጣን በመሆኑ፣ ስለ ነገሩ የማያውቅ ተመልካች የእስቴባንን ሕይወት ያቋረጠው የእናቱ ፊርማ ሊመስለው ይችላል። የሞቱ ማረጋገጫ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢታይ፣ የማኑዌላ ፈቃድ ልጅን አሳልፎ መስጠት ሳይሆን ከሞተ ልጅ ለሌላው መትረፍ መሆኑ በጎላ ነበር።

ይሁንና ቀጥሎ የሚመጣው ትዕይንት ጉድለቱን በብዙ ይክሳል። ማኑዌላ የልጇን ልብ ተከትላ ወደ ላ ኮሩኛ ትጓዛለች፤ ልቡን የተቀበለው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ በሩቁ ታያለች፤ ሳታነጋግረውም ትመለሳለች። ፈቃዷ ሐዘኗን እንዳልፈጸመላት፣ በፈቃዷም እንዳልተጸጸተች በዚህ ዝምታ ይነበባል።